ፌብሩዋሪ 31

ኖቬምበር 14 ቀን 2010
ከሴቶች ዶርም

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ቬላዩዳም፤ ተንካሲ

ጤና ይስጥልኝ አጎቴ። እርስዎ፣ እናቴና አክስቴ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ደህና ነኝ፤ በዚህ ግቢ ውስጥ ሰው ደህና ሊሆን በሚችለው ልክ ማለቴ ነው።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ግን ተከፍቶ፣ ተነቦ፣ ጥግ ላይም የቲማቲም እድፍ አርፎበት ነው የደረሰኝ። ስልክሽ ለምን አይነሳም ላሉት፣ ስለሞተ ነው። ፕሮክተሯ ትራሴ ሥር አገኘችውና የፎቁን ሴቶች ሁሉ ሰብስባ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከረችው። «ኢንጂነር የምትሆኑት በመጽሐፍ ነው እንጂ በስልክ አይደለም» አለችን። የመጽሐፍ ቤቱ ቁልፍ ደግሞ የኮሌጁ ባለቤት የሆነው ሊቀመንበር ኪስ ውስጥ ነው። እንግዲህ እንደ ድሮ ሰው በደብዳቤ መገናኘት ነው። ከቤቷ የምትመላለስ ሙቱሴልቪ የምትባል የክፍሌ ልጅ አለች፤ ከእንግዲህ በእሷ ቤት አድራሻ ይላኩልኝ። በምሳ ዕቃዋ፣ ከሩዙ ሥር አድርጋ ታስገባልኛለች።

ምግቡስ ላሉት፣ ሳምባር በሚሉት የምስር ወጥ ውስጥ አንዲት ምስር ካገኘን የጠፋ ዕቃ ነው ብለን ለማስረከብ እያሰብን ነው።

ትምህርቱስ ብለዋል። ድንቄም ትምህርት! የኮንክሪት መምህራችን በሦስተኛው ሳምንት ጥሎን ሄደ። የተካው ባለፈው ዓመት ከዚሁ ኮሌጅ ተመርቆ ሥራ ያጣ ልጅ ነው። እሱን ያስተማረው ደግሞ ከእሱ በፊት ሥራ ያጣው ነበር። መጽሐፉን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብልናል፤ ስንጠይቀው «ፈተና ላይ አይመጣም» ይላል። አንድ ነገር ግን በጥብቅ እንማራለን፤ ሴቶች በግራ ደረጃ፣ ወንዶች በቀኝ ደረጃ። የተሳሳተ ይቀጣል። ሦስተኛ ዓመት ሆኜ ጥሩ አሸዋ ከመጥፎው በምን እንደሚለይ አላውቅም፤ ደረጃዬን ግን አሳምሬ አውቃለሁ።

እርስዎ ሠላሳ ዓመት መንገድና ድልድይ ሠርተዋል። እባክዎ ያስተምሩኝ።

የእህትዎ ልጅ፣ ካያል

---

ኖቬምበር 21 ቀን 2010
ተንካሲ

ለልጄ ለካያል፤

እግዜር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ደብዳቤሽን ለእናትሽ ሳነብላት ስለ ምግቡ ያለውን ዘለልኩት። ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ ኢንጂነር ልትሆን ነው» እያለች ነውና፣ ምስር ፍለጋ ላይ ነሽ ብዬ አላሳዝናትም።

ልውጣ ወይ ብለሽ በመጨረሻው ወረቀት ጀርባ ለጻፍሽው፣ አትወጪም። የአሥረኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ዋና ሰርተፊኬትሽን ሲያስገቡሽ ተቀብለው ካዝናቸው ውስጥ ቆልፈውበታል። አራቱን ዓመት ሳትጨርሺ አይሰጡሽም። ያለ እሱ ደግሞ እንኳን ሌላ ኮሌጅ፣ ዶሮ እርባታም አይቀጥርሽም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ያስገባሁሽ እኔ ነኝ፤ መጥኖ መደቆሱም የእኔ ድርሻ ነበር።

ያን ሊቀመንበር ዛሬ አይደለም የማውቀው። እኔ የተንካሲን መንገድ ስሠራ እሱ አሸዋ አቅራቢ ነበር። ግማሹን አፈር ቀላቅሎ ያመጣልኝ ነበር። አንድ ቀን ሦስት የጭነት መኪና ሙሉ አሸዋ መለስኩበት፤ ጓደኞቼ «ምን አካበደህ፣ ተቀበለው» ሲሉኝ እሺ አላልኩም። አሁን ደግሞ ኢንጂነር አቅራቢ ሆኗል። ሰውዬው አመሉን አልለወጠም፣ ዕቃውን ነው የለወጠው።

ስለ አሸዋው ግን ይኸውልሽ። እርጥብ አሸዋ በእፍኝሽ ዝገኚና በመዳፍሽ አሽተሽ ጣይው። መዳፍሽ ንጹሕ ከሆነ ተጠቀሚበት። ጭቃ ከቀረበት፣ ያመጣው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ መልሺው። ቀሪውን በየሳምንቱ እጽፍልሻለሁ።

አጎትሽ፣ ቬላዩዳም

---

ዲሴምበር 12 ቀን 2010

ውድ አጎቴ፤

ስለ ውሃውና ስለ ሲሚንቶው ልክ የጻፉልኝን ሁለቱንም ደብዳቤ ቃል በቃል በደብተሬ ገልብጫለሁ። ሙቱሴልቪም ገልብጣለች፤ ከእሷ ወንዶቹ ገለበጡ። የክፍላችን መምህር አሁን እርስዎ ነዎት፣ እዚህ ባይታወቅም።

የኮንክሪቱን ኩብ ጥንካሬውን ለመለካት በማሽን ስትሰብሩት ምን ድምፅ ያወጣል ብለው ጠይቀውኛል። እኔ በምን ልወቅ? ማሽኑ አሥር ዓመት ሆኖታል ከተበላሸ። ጨርቅ ለብሶ ጥግ ላይ ቆሟል። በአዩዳ ፑጃ ቀን፣ መሣሪያ ሁሉ በሚመለክበት በዓል፣ ግንባሩን የሰንደል ቅባት ቀብተው የአበባ ጉንጉን ያጠልቁለታል። በዓመት አንዴ የሚያገኘው ቅባት እሱ ብቻ ነው። ጸሎቱ ይኸው አልሠራለትም።

ታዲያ ሙከራው እንዴት ይሠራል ይሉኝ ይሆናል። አይሠራም። ይገለበጣል። ከእኛ በላይ ካሉት ተማሪዎች ደብተር እንቀዳለን፣ እነሱም ከበላዮቻቸው ቀድተዋል። ዓመቱን ብቻ ነው የምንቀይረው። አሁን ጉዱን ይስሙ! ደብተሩ ላይ «ኩቡ የተሞላበት ቀን ፌብሩዋሪ 3፤ ከሃያ ስምንት ቀን በኋላ የተሰበረበት ቀን ፌብሩዋሪ 31» ይላል። የመጀመሪያው ገልባጭ ሦስት ላይ ሃያ ስምንት ደምሮ ሠላሳ አንድ አለና ቁጭ አለ! ፌብሩዋሪ ሃያ ስምንት ቀን ብቻ እንዳላት እንኳን ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ አላየም። በሕይወቱ አንዲት ኩብ ሞልቶ ቢጠብቅ ኖሮ ቀኑን በጣቱ ይቆጥር ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ ስልሳ ስልሳ ተማሪ ይህንኑ ገልብጧል፤ አሥር ዓመት ሙሉ መምህራን ፈርመውበታል።

እኔ ማርች 3 ብዬ ጻፍኩ። መምህሩ ደብተሬን ወርውሮ መለሰልኝ። «ከተፈረመበት ደብተር ጋር አይመሳሰልም» አለኝ።

«መምህር፣ ፌብሩዋሪ 31 የሚባል ቀን እኮ የለም» አልኩት።

«አንቺ ነሽ ለእኔ የምታውቂልኝ? የተፈረመበት ነው ትክክል!»

ገለበጥኩ አጎቴ። ምን ላድርግ። የሌለ ሙከራ በሌለ ቀን ሠርቼ ሃያ ከሃያ አገኘሁ።

ካያል

---

ጃንዋሪ 20 ቀን 2011

ለልጄ ለካያል፤

ለፖንጋል፣ ለመከር በዓላችን እንኳ አለመልቀቃቸው አሳዝኖኛል። እናትሽ ጣፋጩን ሩዝ አብስላ ድርሻሽን ለይታ አስቀመጠች፤ ማታ ላይ ለጎረቤት ሰጠችው።

በፌብሩዋሪ 31 ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ከዚያ ተናደድኩ። እኔ ሥራ ላይ ቢሆን እንዲህ የጻፈውን ልጅ አላባርረውም፤ ልጅ ነው። የፈረመበትን ነበር የማባርረው። እንዲያ ያለ ደብተር ላይ የሚፈርም እጅ ቢቆረጥ አይቆጨኝም።

ፎቶዬን ያሳየሻት ሙቱሴልቪ ባለፈው ሳምንት እዚያ ከተማ አውቶቡስ ተራ አየኋቸው ስላለችው፣ ለጥርሴ ነው የመጣሁት። ለምን አልጠየቁኝም ላልሽው፣ ጥርስ ያመመው ሰው ጨዋታ አያምርበትም ብዬ ነው። እናትሽ ስላስጻፈችልሽ አዲስ ኮትም፣ ለሠርግ ነው ያሰፋሁት። የማን ሠርግ ብለሽ ደግሞ አትነዝንዢኝ፤ ሠርግ በአገሩ ሞልቷል።

ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ሰባት ቀን ውሃ መጠጣት አለበት። የሚቸኩል ሰው ይዘለዋል። አንቺ እንዳትዘይው።

አጎትሽ

---

ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2011

ውድ አጎቴ፤

ጥርስዎን ማረዎት? እዚህ ግቢው ሠርግ ቤት መስሏል። ፌብሩዋሪ 16 ለኮሌጁ ፈቃድ ከሚሰጠው ከዋናው ዩኒቨርሲቲ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ። የዛፎቹን ግንድ ኖራ ቀቡ። ከሌላ ኮሌጅ አርባ ኮምፒውተር በኪራይ መጣ፤ እንዳንነካው ገመድ አጥረውበታል። መጽሐፍ ቤቱ ተከፈተ! ለካ ውስጡ የሊቀመንበሩ የድሮ ጎማዎች ነበሩ። አሁን ጎማው ወጥቶ መጽሐፍ ገብቷል፤ ተቆጣጣሪዎቹ ሲሄዱ ጎማው ቦታውን ይረከባል።

ከሁሉ የሚያስቀው ግን የስም ሰሌዳው ነው። በክፍላችን አሥራ አንድ ፕሮፌሰር ተጽፏል። አንዱንም አይተነው አናውቅም። ለአንድ ቀን እየተከራዩ መጥተው ወንበር ያሞቃሉ አሉ። እና ይስቁ እንጂ፣ አንዱ ሞክሼዎ ነው! «ዶክተር ኤስ. ቬላዩዳም፣ ፕሮፌሰር፣ የኮንክሪት ቴክኖሎጂ» ይላል። ሙቱሴልቪን «አየሽ፣ በዚህ ስም አንድ እውነተኛ ሰውና አንድ ሌባ አለ» አልኳት። ሞክሼዎን ሳየው ስምዎን እንዳያረክስ እነግረዋለሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ተቆጣጣሪዎቹ አንድ ተማሪ አስነስተው መምህራኑን ታውቃላችሁ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። መምህር እንደሌለ ካወቁ ክፍሉ ይዘጋል፤ ተማሪው ሁሉ ወደ ሌሎች ኮሌጆች ይደለደላል፣ የመንግሥቱም ጭምር። ያን ጊዜ ሰርተፊኬታችንን ከካዝናው ማውጣት ግዴታቸው ነው። ከዚህ ጉድጓድ የምንወጣበት ሌላ በር የለም። ኮሌጁ ለጥያቄ የሚያስነሳው ጥሩ ውጤት ያላትን ነው፤ ያቺ ደግሞ እኔ ነኝ። ለስልሳዎቹም እናገራለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ።

ልናገር አይደል? አይዞሽ ይበሉኝ።

ካያል

---

ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2011

ካያል፤

አትናገሪ።

ለምን ትዪ ይሆናል። ስለማውቃቸው ነው። ባፍ ይጠፉ በለፈለፉ ይባላል። አንድ ዓመት ተኩል ነው የቀረሽ። ዝም ብለሽ ጨርሺና ወረቀትሽን ይዘሽ ውጪ። እናትሽም ሰላም ታግኝ።

ስለ ሞክሼዬ ደጋግመሽ ቀልደሻል። በዚህ አገር ቬላዩዳም የሚባል ሰው ብዙ ነው።

በዚህ ሳምንት ስለ ኮንክሪት የምጽፈው የለኝም።

አጎትሽ

---

ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2011

ለክቡር ፕሮፌሰር ዶክተር ኤስ. ቬላዩዳም፤
የኮንክሪት ቴክኖሎጂ ሊቅ

ክቡር ሆይ፤

ኮቱ አምሮብዎታል። ሠርጉ የማን እንደሆነም ገብቶኛል። ጥርስዎ ደህና መሆኑን ከሊቀመንበሩ ጎን ቆመው ፈገግ ሲሉ አይቻለሁ። ዶክትሬቱን ከየት እንዳገኙት ግን እናቴም አታውቅም፤ አንድ ጣሪያ ሥር እየኖረች ወንድሟ ዶክተር መሆኑን የነገራት የለም።

ትናንት ለምን እንደዚያ ብለሽ መለስሽ ብለው በሙቱሴልቪ እጅ ቁራጭ ወረቀት ልከውብኛል። መጠየቅዎ ራሱ ይገርማል። ያቺ ባለ መነጽር ተቆጣጣሪ «እኚህ ሰው ያስተምሯችኋል?» ስትለኝ ተነሣሁ። ስልሳ ሰው ያየኛል። የምናገረውን ሳምንት ሙሉ አጥንቼዋለሁ። ከዚያ እርስዎን አየሁ። አንገትዎን ደፍተው ወለሉን ያያሉ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ።

«ስለ ኮንክሪት የማውቀውን በሙሉ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው» አልኩ።

አንዲት ቃል ውሸት የለባትም። ሴትዮዋም ደስ ብሏት ጻፈችው። ክፍሉ አለፈ። እውነት ተናግሬ ስልሳ ሰው ቀበርኩ። እርስዎን ብቻ አይደለም የናቅሁት አጎቴ፣ ራሴንም ንቄአለሁ። ሙቱሴልቪ ደብዳቤውን ትወስድልኛለች እንጂ አታናግረኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከምሳ በፊት ስልሳ ደብተር ደርድረው አስፈርመውዎታል። ዛሬ የእኔ ተመለሰልኝ። ፊርማዎ የታወቀ ነው፤ ከትምህርት ቤት ውጤቴ ላይ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያረፈው ፌብሩዋሪ 31 ላይ ነው። እጁ ቢቆረጥ አይቆጨኝም ያለው ማን ነበር?

መዳፌን አሽቼ አየሁት። ጭቃ ቀርቶበታል።

ተማሪዎ

---

ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2011

ልጄ፤

ልጄ ብዬ ለመጻፍ እንኳ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር።

አባትሽ ሲሞት ለእናትሽ ልጅቷን አስተምራለሁ ብዬ ማልኩ። አሥራ ሁለተኛን ስትጨርሺ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄድኩ። ለመግቢያ የሚጠይቀው ገንዘብ አልነበረንም። «ስምህን ብቻ ስጠኝ፤ ልጅቷ በነጻ ትገባለች። ስም ምን ይከብዳል?» አለኝ። ወረቀት ላይ የሚቀር መሰለኝ። ሰጠሁት። በዚህ ዓመት ደግሞ በአካል ና አለኝ። አልመጣም ስለው «የልጅቷ ሰርተፊኬት እጄ ላይ ነው» አለ። ሦስት መኪና አሸዋ የመለስኩበት ሰው እኮ ነው! አንድ ቀን እንደሚያስከፍለኝ ያውቅ ነበር፣ አስከፈለኝ። ዶክተር የሚለውን እነሱ ናቸው የጨመሩት፤ ግን ሰሌዳውን አይቼ ዝም ብያለሁ።

ስትነሺ እንደምታጋልጪኝ አውቄ ነበር። በልቤ «በይ፣ ተናገሪ» እል ነበር። የመለስሽው መልስ ግን ከስድብ ሁሉ የባሰ ነው። ስድብ ቢሆን እችለው ነበር።

ይቅርታ አድርጊልኝ፤ መቼ ይቅር እንደምትዪኝም ንገሪኝ። አንድ ቀን ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄጄ እውነቱን እናገራለሁ። እስከዚያ ለእናትሽ አትንገሪብኝ።

አጎትሽ

---

ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2011

ለአቶ ቬላዩዳም፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ለእናቴ እንዳልነግርብዎ ለምነዋል፤ አልነገርኳትም። ምግብ አልቀምስ ብሏል፣ ምን እንደሆነ ጠይቂው ብላ ስለ እርስዎ የምታስጽፍልኝ እሷ ነች፤ የሆኑትን ራስዎ ይንገሯት።

«አንድ ቀን» የሚባል ቀን በየትኛውም ዘመን መቁጠሪያ ላይ የለም። ሊቀመንበሩም ሰርተፊኬታችንን አንድ ቀን ይሰጠናል፤ ማሽኑም አንድ ቀን ይጠገናል።

ይቅርታዬን መቼ እንደሚያገኙ ጠይቀውኛል። ፌብሩዋሪ 31 ቀን።

ካያል

---

ማርች 3 ቀን 2011
ከኮሌጁ በር

ለልጄ ለካያል፤

ይህን የምጽፍልሽ ዘበኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ሙቱሴልቪ ልታደርስልሽ ቆማ ትጠብቀኛለች። ሁሉን ተናገሩ የሚሉት እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ እውነት ነው አልኳት፤ አለቀሰች።

ቀኑን የቀጠርሽልኝ አንቺ ነሽ። ዲሴምበር ላይ የጻፍሽልኝን ደብዳቤ አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት። ፌብሩዋሪ ሦስት ላይ ሃያ ስምንት ቀን ቢደመር ማርች ሦስት ነው ብለሽ ነበር፤ መምህርሽ ደብተሩን ቢወረውርብሽም ልክ ነበርሽ። የእነሱ ፌብሩዋሪ 31 ማለት እንግዲህ ዛሬ ነው። ሽማግሌ ብሆንም ቆጠራ አልጠፋኝም።

ትናንት ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄጄ ነበር። ባለ መነጽሯን ሴትዮ አገኘኋት። ፕሮፌሰር አለመሆኔን፣ አንድ ቀንም እዚህ አለማስተማሬን፣ ሌሎቹ አሥሩም እንደ እኔ የአንድ ቀን መሆናቸውን በእጄ ጽፌ ፈረምኩላት። «ተማሪዋ ግን እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ ብላ ነበር» አለችኝ። ደብዳቤዎችሽን አውጥቼ ፊቷ ዘረጋሁ። ሁሉንም አነበበች። ስለ ጎማው ስታነብ ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ ፊቷ ጠቆረ። እኔንም እንደሚከሱኝ ነግራኛለች። ይክሰሱኝ። እናትሽም ዛሬ ጠዋት ከእኔው አፍ ሰምታለች። ቁርስ አልሰጠችኝም፤ እውነቷን ነው።

አሁን ሴትዮዋ ከሁለት ሰዎች ጋር ከሊቀመንበሩ ቢሮ ገብታለች። ሊቀመንበሩ ሲገባ በሩ ላይ አይቶኝ «አብደሃል ወይ?» አለኝ። «አሸዋህን መልሼልሃለሁ» አልኩት። ካዝናው ይከፈት እየተባለ ነው። እስኪከፈት ከዚህ ወንበር አልነሣም።

ሴትዮዋ ፌብሩዋሪ 31 የሚለውንና የእኔን ፊርማ በዓይኗ ማየት ትፈልጋለች። ሙከራ እንደሌለም፣ መምህር እንደሌለም አንድ ላይ የሚመሰክረው እሱ ነው። በወንዶቹ ደረጃ ቢቀርብሽ በወንዶቹ ደረጃ ውረጂ። ደብተርሽን ይዘሽ ነይ።

ቀኑን እንዳታርሚው።

ቬላዩዳም